የጥላሸት ጭምብል፤ የበርት ዊልያምስ የመድረክ ሕይወት

«ኢትዮጵያ» የሚለው ስም በአሜሪካ መድረክ ላይ መጀመሪያ የተሰማው ለክብር አልነበረም። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በዚያ አገር ነጭ ዘፋኞችና ቧልተኞች ቡሽ አቃጥለው ጥላሸቱን ፊታቸው ላይ ይለቀልቁ፣ ከንፈራቸውን አግዝፈው ይኳኳሉ፣ የባሪያውንም ንግግር፣ አረማመድና ዘፈን እያጣመሙ ሕዝብ ያስቁ ነበር። ሚንስትረል የሚባለው ይህ ትርኢት «የኢትዮጵያ ዘፈን»፣ «የኢትዮጵያ ኦፔራ» እየተባለም ይጠራ ነበር። «የኢትዮጵያ ሴሬናደሮች» የሚል ስም የያዘ አንድ ቡድን በ1844 በኋይት ሀውስ፣ በፕሬዚዳንት ታይለር ፊት ተጫውቷል። ከአባላቱ መካከል አንድም ኢትዮጵያዊ፣ አንድም ጥቁር አልነበረም። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ፣ በተለይ ካልተገለጸ በቀር፣ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የእርስ በርሱ ጦርነት አብቅቶ ባርነት በሕግ ከተሻረ በኋላ ወደ መድረክ ለመውጣት ለሚሹ ጥቁር አሜሪካውያን የተከፈተላቸው በር ይኸው ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ነጩ ተመልካች ጥቁርን የሚያውቀው በነጭ ተዋናይ ፊት ላይ በተሣለው ሥዕል ስለ ነበር፣ እውነተኛው ጥቁር ሲመጣለት ሥዕሉን ካልመሰለ አልቀበልህም አለው። ከዚህም የተነሣ ጥቁሩ ራሱ ቡሽ አቃጥሎ ጥቁር ፊቱን ማጥቆር ግድ ሆነበት። ጥላሸቱን እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ሳያራግፍ፣ ነገር ግን ከጥላሸቱ በታች ሰው መኖሩን ለተመልካች ያሳየ አንድ ታላቅ ተዋናይ ከዚሁ ዓለም ወጣ። በርት ዊልያምስ ይባላል።

ኤግበርት ኦስቲን ዊልያምስ በ1874 በባሃማስ ደሴቶች፣ በናሶ ከተማ ተወለደ። ቤተ ሰቡ ገና በልጅነቱ ወደ ፍሎሪዳ፣ ቀጥሎም ወደ ካሊፎርኒያ ተሻግሮ ሪቨርሳይድ በምትባል ከተማ ተቀመጠ፤ እሱም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን እዚያው ፈጸመ። ቁመቱ ረጅም፣ መልኩ ቀላ ያለ፣ ንግግሩ የታረመ፣ መጽሐፍ ወዳድ ወጣት ነበር። ተመልካች ከጥቁር ቧልተኛ አፍ የሚጠብቀውን የደቡብ ክፍለ አገር ዘዬ ከቶ አያውቀውም ነበርና፣ ኋላ ራሱ እንደ ተናገረው፣ እንደ ባዕድ ቋንቋ አጥንቶ ተማረው።

በ1893 በሳን ፍራንሲስኮ ከአንድ የሚንስትረል ቡድን ጋር ሲሠራ ጆርጅ ዎከር ከሚባል የካንሳስ ተወላጅ ጋር ተገናኘ። ዎከር አጠር ያለ፣ ቀልጣፋ፣ ልብስ አዋቂ፣ ለንግድም ለክርክርም የማይሰንፍ ሰው ነበር። የሁለቱ ጓደኝነት ብዙ ሳይቆይ አንድ እንግዳ ሥራ አመጣላቸው። በ1894 በከተማዪቱ በተከፈተው ታላቅ የዐውደ ርዕይ በዓል «የዳሆሜ መንደር» ተሠርቶ ነበር። ዳሆሜ፣ የዛሬዪቱ ቤኒን፣ በዚያን ጊዜ በፈረንሳይ ጦር እየተወረረች ነበረች፤ ለመንደሩ ማሟያ ይመጣሉ የተባሉት አፍሪካውያን በቀኑ ሳይደርሱ ቀሩ። አዘጋጆቹም የአፍሪካውያኑን ቦታ የሚይዙ ጥቁር አሜሪካውያን ቀጠሩ፤ ከነዚህም ሁለቱ ዊልያምስና ዎከር ነበሩ። እውነተኞቹ ዳሆሜዎች ሲመጡ ቅጥረኞቹ ተሰናበቱ። ሆኖም ሁለቱ ወጣቶች ወደ መንደሩ እየተመላለሱ እንግዶቹን ማየትና ማጥናት ያዙ። ዎከር በ1906 ባሳተመው ጽሑፍ እንደ ገለጠው፣ አንድ ቀን ኒው ዮርክ ከደረስን አፍሪካዊውን ራሱን በመድረክ ላይ እናቆማለን የሚለው ሐሳብ የተጠነሰሰው በዚያ መንደር ነው።

ኒው ዮርክ የደረሱት በ1896 ነው። ነጮች ጥቁሮችን የሚሰድቡበትን ቃል እንደ ማዕረግ በራሳቸው ላይ ለጥፈው፣ እውነተኞቹ እኛ ነን እያሉ ያስተዋውቁ ነበር። ጥላሸት የተቀቡት ነጮች አስመሳዮች መሆናቸውን ለመንገር ከዚህ የተሻለ መንገድ አልነበራቸውም፤ ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። በመጀመሪያ ዎከር ቧልተኛው፣ ዊልያምስ አጃቢው ነበሩ። በዲትሮይት በአንድ ቲያትር ቤት ዊልያምስ ለሙከራ ያህል ፊቱን ጥላሸት ተቀብቶ ቢወጣ ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሚናቸው ተለዋወጠ፤ ዎከር ሽቅርቅሩ ብልጣ ብልጥ፣ ዊልያምስ ዕድል የከዳው ዝግተኛ ሆኑ። ዊልያምስ ስለዚህ ነገር በኋላ ሲናገር፣ የቀልድ ችሎታው የተከፈተለት ራሱን እንደ ሌላ ሰው አድርጎ ማየት በቻለ ጊዜ እንደ ሆነ ገልጧል። ለማንኛውም ተዋናይ ይህ ትልቅ ቃል ነው። ሌላውን ሰው የሚያገኝበት ልብስ የገዛ ወገኑ መዋረጃ መሆኑ ግን የዊልያምስ ብቻ ዕጣ ነበር።

ዝናቸው ከቁጣ አላዳናቸውም። በነሐሴ 1900 በኒው ዮርክ በጥቁሮች ላይ ሁከት ሲነሣ፣ ረብሸኛው የታወቁትን ጥቁር ተዋንያን በስም እየጠራ ይፈልግ ነበር፤ ዎከርም በዚያች ሌሊት ተደብድቧል።

በየካቲት 1903 «በዳሆሜ» የተባለው ሙዚቃዊ ተውኔታቸው በብሮድዌይ ላይ ባለው ኒው ዮርክ ቲያትር ተከፈተ። ዜማውን ዊል ማሪየን ኩክ፣ ግጥሙን ፖል ሎረንስ ደንባር፣ ተውኔቱን ጄሲ ሺፕ ደረሱት። ከድርሰቱ እስከ ትወናው በጥቁሮች ተሠርቶ በብሮድዌይ ዋና ቲያትር ቤት የታየ የመጀመሪያው ሙሉ ሙዚቃዊ ተውኔት ይህ ነው። የዘር ግጭት ይነሣል ብለው የፈሩም፣ የጓጉም ነበሩ፤ አልተነሣም። ጥቁሮቹ ተመልካቾች የተቀመጡት ግን በላይኛው ሰገነት ነው። ተውኔቱ 53 ጊዜ ከታየ በኋላ ወደ ለንደን ተሻግሮ በዚያው ዓመት ሰኔ በንጉሡ ቤተ መንግሥት ቅጥር ውስጥ ታየ። ከዚያ በኋላ ኬክዎክ የተባለውን ጭፈራቸውን የእንግሊዝ ወይዛዝርትና መኳንንት ይማሩት ጀመር።

ቀጥሎ የመጣው ሥራቸው ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይበልጥ የሚቀርብ ነው። ዊልያምስና ዎከር ወደ ኒው ዮርክ ባቀኑበት በ1896፣ በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ ዐድዋ ላይ የኢጣልያ ጦር ድል ሆኗል። ወሬው በአሜሪካ ጋዜጦች ሲሠራጭ በዚያ አገር ጥቁሮች ዘንድ የምኒልክ ስም የቤት ስም ሆነ። በ1903 መጨረሻ ደግሞ ሮበርት ስኪነር የተባለው የአሜሪካ መልእክተኛ አዲስ አበባ ገብቶ የንግድ ውል ተፈራረመ። ዊልያምስና ዎከር «አቢሲኒያ» የተባለውን ተውኔታቸውን በየካቲት 20 ቀን 1906 በማጀስቲክ ቲያትር ሲከፍቱ፣ በመድረኩ ላይ በንጉሠ ነገሥትነት የሚታዩት ምኒልክ በእውነት በዙፋናቸው ላይ ነበሩ።

የተውኔቱ ታሪክ ቀላል ነው። አንድ የካንሳስ ጥቁር 15,000 ዶላር የሎተሪ ዕጣ ይወጣለትና ወዳጅ ዘመዱን አስከትሎ የአባቶቹን ምድር ለማየት ኢትዮጵያ ይገባል። ሎተሪ የወጣለት ዎከር ነው፤ ዊልያምስ ደግሞ ጃስ የሚባል፣ መከራ ከሄደበት የማይቀር ጓደኛው ነው። መድረኩ ላይ ተራራና ፏፏቴ፣ ገበያና ሕያዋን እንስሳት ይታያሉ፤ ከገጸ ባሕርያቱም መካከል «አፈ ንጉሥ» የሚል ማዕረግ የያዘ አለ። ደራሲዎቹ ኢትዮጵያን አይተዋት አያውቁም፤ ስለዚህ የተውኔቱ ሕግና ወግ ብዙው የፈጠራ ነው። ቢሆንም ከሁሉ የሚበልጠውን ነገር አልሳቱትም። ከአሜሪካ የመጡት መንገደኞች የለመደውን የመድረክ ዘዬ እየተናገሩ ሲያስቁ፣ ኢትዮጵያውያኑ ገጸ ባሕርያት ግን በታረመ፣ በጨዋ እንግሊዝኛ ይናገራሉ። ስድሳ ዓመት ሙሉ በአሜሪካ መድረክ ላይ «ኢትዮጵያዊ» ማለት ጥላሸት የተቀባ ቧልተኛ ማለት ነበር። በማጀስቲክ መድረክ ላይ ኢትዮጵያዊው ፈራጅ፣ አሜሪካዊው ተከሳሽ ሆነው ቆሙ።

ተከሳሹ ጃስ ነው። የአበባ ማስቀመጫ ሰርቀሃል ተብሎ ተይዟል። በተውኔቱ ሕግ መሠረት የነሐሱ ደወል ሦስት ጊዜ ከተመታ እጁ ይቆረጣል፤ አራት ጊዜ ከተመታ ነጻ ይወጣል። በኢትዮጵያ ፍርድ በደወል ምት እንደማይቆረጥ ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር አያሻም፤ ለዊልያምስ ግን ከዚህ የተሻለ ትዕይንት ሊጻፍለት አይችልም ነበር። ቆሞ ይጠብቃል። አንደኛው ደወል ይመታል፤ ሁለተኛው፤ ሦስተኛው። ከዚያ ዝምታ። አራተኛው እስኪሰማ ድረስ በዚያ ዝምታ ውስጥ ተዋናዩ አንዲት ቃል የለውም፤ ያለው ፊቱ፣ ትከሻውና ያቺ እጅ ብቻ ናት። ተመልካቹ ሲስቅ ቆይቶ እሱም አብሮ ትንፋሹን ይይዛል። በዚያች አፍታ የተፈረደበት ቧልተኛ መሆኑ ይቀርና የተፈረደበት ሰው ይሆናል።

«አቢሲኒያ» በኒው ዮርክ 31 ጊዜ ታየ። ዊልያምስ በዚሁ ተውኔት ውስጥ «ኖባዲ» የተባለውን ዘፈኑን ይጫወት ነበር። ዜማው የራሱ፣ ግጥሙ የአሌክስ ሮጀርስ ነው፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ማንም ያልደረሰለት ሰው እንጉርጉሮ ነው። ግማሹን እየተናገረ፣ ግማሹን እየጎተተ ይለዋል እንጂ ዘፈነው ለማለት ያስቸግራል። በ1906 በሸክላ ተቀርጾ በብዙ ተሸጠ። ተመልካችም ካለ «ኖባዲ» አንለቅህም እያለ ዓመታት ስላስዘፈነው፣ ባለ ቤቱ ራሱ ዘፈኑን እስከ መጥላት ደርሶ ነበር።

በ1908 በቀረበው «ባንዳና ላንድ» ውስጥ ደግሞ የጥበቡ ጫፍ የሚባለውን ሠራ። መድረኩ ይጨልማል፤ ብርሃን ፊቱና እጆቹ ላይ ብቻ ያርፋል። ፖከር የሚባለውን የካርታ ጨዋታ ብቻውን ይጫወታል፤ ካርታም፣ ጠረጴዛም፣ ተጫዋችም የለም። በባዶ እጁ ካርታ ያድላል፤ የራሱን ገልጦ አይቶ ፊቱ ይፈካል፤ የሌሎቹን ፊት በዓይኑ አንድ በአንድ ይመረምራል፤ ይወራረዳል፤ አንደኛው ወለም ዘለም ሳይል ውርርዱን ሲጨምርበት ጥርጣሬ ከዓይኑ ሥር ቀስ ብሎ ይገባል። በመጨረሻ ይከስራል። ይህን ጨዋታ ያገኘው በኦማሃ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ብቻውን ካርታ ሲጫወት ካየው የአእምሮ በሽተኛ እንደ ሆነ ይነገራል። ከየት እንደ ተቀዳ ማወቅ ደግ ነው፤ ዋናው ነገር ግን በዚያ ትዕይንት ውስጥ የተጣመመ ዘዬ አለመኖሩ ነው። ተመልካች የከፈለበትን ስድብ ሳያገኝ በዝምታ የሳቀበትና የራራለት ሰው ነበር፤ ጥላሸቱ ከፊቱ ላይ ሳይለቅ።

የሁለቱ ጓደኝነት በዚሁ ተውኔት ላይ አበቃ። ዎከር በቂጥኝ በሽታ ንግግሩ እየተሳሰረ ሄዶ በ1909 ከመድረክ ወረደ። ሚስቱ አይዳ ኦቨርተን ዎከር፣ ራስዋም የታወቀች ተጫዋች፣ የባልዋን የወንድ ልብስ ለብሳ ድርሻውን ሸፈነች። ዎከር በጥር 1911 ሞተ። የቡድኑን የገንዘብ ክርክር፣ የተዋንያኑን ደመወዝ፣ የቲያትር ቤት ኪራዩን ይዞ የነበረው እሱ ነበርና ዊልያምስ ብቻውን ያቀረበው ተውኔት ብዙ አልቆየም፤ ቡድኑም ተበተነ።

በ1910 ፍሎረንስ ዚግፌልድ የተባለው ታዋቂ አዘጋጅ «ፎሊስ» በተባለው ዓመታዊ ትርኢቱ ውስጥ ቀጠረው። ነጮቹ ተዋንያን ከጥቁር ጋር በአንድ መድረክ አንቆምም ብለው ተነሡ። ዚግፌልድ ከእሱ በቀር እያንዳንዳችሁን በሌላ መተካት እችላለሁ አላቸው ይባላል፤ ማንም አልወጣም። ይሁን እንጂ ውሉ ውስጥ የገቡት ነጥቦች የዘመኑን መልክ ያሳያሉ፤ ትርኢቱ ወደ ደቡብ ክፍለ አገሮች ሲሄድ እሱ አይሄድም፣ ከነጭ ሴት ጋር ለብቻው በመድረክ ላይ አይታይም። ይህን ራሱ ዊልያምስ የጠየቀው ነው ይላሉ። ቢጠይቅ አያስገርምም፤ ዎከርን ሲደበድብ የነበረው ሕዝብ የማንን ስም ጭምር ይጠራ እንደ ነበር አልረሳም።

እስከ 1919 ድረስ በ«ፎሊስ» ከታላላቆቹ አንዱ ሆኖ ቆየ። በዚያው ትርኢት እንደ አባትና ልጅ ሆነው የተጫወቱት ኤዲ ካንተር አንድ ነገር ጽፎለታል። በአንድ ሆቴል ዊልያምስ በዕቃ ማመላለሻው አሳንሰር እንዲወጣ ታዝዞ ኖሮ፣ ወደ ጓደኛው ዞር ብሎ፣ ጭብጨባው ገና በጆሮዬ ላይ ባያስተጋባ ኖሮ ይህን ያህል ባልከፋኝ ነበር አለው። ዊልያምስ ራሱም በ1918 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ጥቁር መሆን የሚያሳፍርበትን ምክንያት አንድም ጊዜ እንዳላገኘ፣ በአሜሪካ ግን ብዙ ጊዜ የማይመች ሆኖ እንዳገኘው ጠቅሷል። ጥርስ ባዳ ነው የሚለውን የአገራችንን ተረት ቢሰማ ይገባው ነበር። አብሮት የሠራው ደብሊው ሲ ፊልድስ ካየኋቸው ሰዎች ሁሉ ይበልጥ አሳቂው፣ ይበልጥም ያዘነው እሱ ነው ያለውም ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። ዊልያምስ ወደ «ፎሊስ» መግባቱ ለእሱ ከፍታ፣ ለወገኖቹ ግን ባዶ ቦታ ነበር። ዊልያምስና ዎከር ሳሉ ደራሲው፣ ዜማ አውጪው፣ አቀናባሪው፣ አዝማቹ በሙሉ ጥቁሮች ነበሩ፤ ከነሱ በኋላ በብሮድዌይ የቀረው አንድ ጥቁር ፊት፣ እሱም የተቀባ ነው። ጄምስ ዌልደን ጆንሰን በ1930 ባወጣው መጽሐፍ ከ1910 እስከ 1917 ያለውን ዘመን ጥቁሩ ከኒው ዮርክ ዋና ቲያትር የተሰደደበት ዘመን ብሎታል። ዊልያምስን ለዚህ መውቀስ ተገቢ አይመስልም። ያም ሆኖ ኤዲ ካንተርን የመሳሰሉ ነጮች ያንኑ ጥላሸት ማታ ተቀብተው ማታውኑ ታጥበው ሲሄዱ፣ እሱ በተቀባ ቁጥር መድረኩ ላይ የሚያጸናው የራሱን እስር ቤት እንደ ነበር መካድ አይቻልም።

ልቡ ወደ ቁም ነገር ተውኔት ያደላ ነበር። ዴቪድ ቤላስኮ የተባለው የታወቀ አዘጋጅ እንዲህ ያለ ሚና ሊሰጠው ጠይቆት እንደ ነበር ይነገራል። አልሆነም። በ1916 ኦቴሎን ተጫወተ፤ የሼክስፒርን ተውኔቶች ለቧልት በሚያዞር የ«ፎሊስ» ክፍል ውስጥ። በኅዳር 1920 ቻርልስ ጊልፒን የተባለ ጥቁር ተዋናይ የዩጂን ኦኒልን «ንጉሠ ነገሥት ጆንስ» ያለ ጥላሸት፣ በገዛ ፊቱ ተጫውቶ ኒው ዮርክን ሲያስደንቅ፣ ዊልያምስ 46 ዓመቱ ነበር።

በነሐሴ 1919 የተዋንያን ማኅበር የሥራ ማቆም አድማ አድርጎ ቲያትር ቤቶቹን ዘጋ። ለዊልያምስ የነገረው አልነበረም። እንደ ወትሮው መጥቶ ልብሱን ለብሶ፣ ፊቱን ተቀብቶ ቢወጣ አዳራሹ ባዶ ነው። ከሠራተኞቹም ከአሠሪዎቹም ወገን አለመሆኑን ያወቀው እንዲህ ነው።

በየካቲት 1922 በዲትሮይት፣ በመጀመሪያ ጥላሸት በተቀባባት በዚያችው ከተማ፣ «ከቀርከሃው ዛፍ ሥር» በተባለው ተውኔት ላይ ሳለ የሳንባ ምች አድክሞት በመድረክ ላይ ወደቀ። ተመልካቹ የጨዋታው ክፍል መስሎት ሳቀ። ደግፈው ሲያስወጡት፣ እየሳቁ መሰናበታቸው መልካም ነው ብሎ ቀለደ ይባላል። በመጋቢት 4 ቀን በኒው ዮርክ ዐረፈ፤ ዕድሜው 47 ነበር።

ከሞተ ከዘጠና ዓመት በኋላ አንድ ነገር ተገኘ። በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም መጋዘን ውስጥ ሳይቀናበር የቀረ፣ በ1913 የተቀረጸ ፊልም ቆይቶ ኖሮ በ2014 ለሕዝብ ታየ። ተዋንያኑ ከመቶ በመቶ አቅራቢያ ጥቁሮች ናቸው፤ ለበዓል የለበሱ፣ የሚጨፍሩ፣ የሚሽቀዳደሙ፣ በሚሽከረከር የእንጨት ፈረስ ላይ ተቀምጠው የሚሥቁ የከተማ ሰዎች። ከመሪዎቹ ተዋንያን ጥላሸት የተቀባው ዊልያምስ ብቻ ነው። በትዕይንቶቹ መካከል ካሜራው ሳይዘጋ ስለ ቀረ፣ ተዋንያኑ ከነጮቹ አንሺዎች ጋር ቆመው ሲጠብቁ፣ ልብሳቸውን ሲያስተካክሉ ይታያሉ። በመጨረሻው ላይ ዊልያምስ የወደዳትን ሴት፣ ኦዴሳ ዋረን ግሬይን፣ ቤቷ ድረስ ይሸኛታል። አዘጋጁ ትዕይንቱን ደጋግሞ አስነሥቶታል። ደጃፏ ላይ ቆመው ይሳሳማሉ፤ ያለ ቧልት፣ ያለ መውደቅ፣ እንደ ማንኛውም ወንድና ሴት።